የመነጽር ቤቱ ቢጫ ማስታወሻ

ጋሽ ሳጥን ሲሉት አይከፋውም። ስሙን ያወጣችለት ከደንበኞቹ አንዱ የሆነው የጥርስ ሐኪም ቤት ጸሐፊ ናት። በመጀመሪያው ወር "ያ የሳጥኑ ሰውዬ መጣ" ብላ ወደ ውስጥ ስትጣራ ሰማት፤ በሁለተኛው "የሳጥኑ ጋሼ" ሆነ፤ በሦስተኛው ወር ጋሽ ሳጥን ሆኖ ቀረ። የሚሸከመው ሳጥን ግን የለውም። ያለው አንድ ያረጀ ላፕቶፕና ጠርዙ የተላጠ ቦርሳ ነው። ሥራው የትንንሽ ድርጅቶችን የጋራ የኢሜይል ሳጥን መክፈትና መጠበቅ ነው። ይህን ለታላቅ እህቱ ለማስረዳት አራት ዓመት ሞክሮ አልሆነለትም። "ደብዳቤው የእነሱ ከሆነ አንተን ምን ጥልቅ አደረገህ?" ትለዋለች። እሁድ እሁድ ትደውላለች፤ ስትጠይቅ ግን መልስ አትጠብቅም፤ ወዲያው ስለ ጉልበቷ ሕመምና ስለ ጎረቤቷ ውሻ ትቀጥላለች።

የሥራው ነገር ሲያዩት ቀላል ነው። አንድ ትንሽ ድርጅት አንድ የኢሜይል አድራሻ ይኖረዋል፤ ይለፍ ቃሉ በቁራጭ ወረቀት ተጽፎ ኮምፒውተሩ ግንባር ላይ ይለጠፋል፤ የመጣ የሄደው ይከፍተዋል። ሁሉም ከፍቶ ያያል፣ ሁሉም "ሌላው መልሶለታል" ብሎ ያልፋል፣ ደንበኛው ሜዳ ላይ ይቀራል። አንዳንዴ ደግሞ ሁሉም ይመልሳል። የቤት ዕቃ የሚያጓጉዙ ሁለት ወንድማማቾች ለአንዲት ሴትዮ ሁለቱም "እሺ፣ ነገ ሦስት ሰዓት ላይ" ብለው ጻፉላትና በማግስቱ ሁለት የጭነት መኪና በሯ ላይ ተፋጠጠ። የሴትዮዋ ዕቃ አንድ አልጋና አንድ ቁም ሳጥን ነበር። ወንድማማቾቹ እዚያው መንገድ ላይ ሊደባደቡ ምንም አልቀራቸው።

ጋሽ ሳጥን እንዲህ ያለ ቤት ሲገባ መጀመሪያ የሚያደርገው ያችን ወረቀት መላጥ ነው። ይህችን ይወዳታል። ቀጥሎ ለእያንዳንዱ ሠራተኛ የየራሱን መግቢያ ያወጣለታል፤ ለሚመጣው መልእክት ሁሉ ባለቤት ያበጅለታል። ይህ የእሷ፣ ያኛው የእሱ፣ ማምለጫ የለም። በመጨረሻ ሁለቱን የመጻፊያ ቦታዎች ያሳያቸዋል። ነጩ ላይ የተጻፈው ለደንበኛው ይሄዳል። ቢጫው ላይ የተጻፈው ግን ከዚያ ቤት አይወጣም፤ ሠራተኞቹ ለእርስ በርሳቸው የሚተዉት ማስታወሻ ነው። "ነጭ ለውጭ፣ ቢጫ ለቤት" ይልና ሦስት ጊዜ ያስደግማቸዋል። ትልልቅ ሰዎች እየሳቁ ይደግማሉ። ግማሾቹ በሳምንቱ ይረሱታል።

ከዚህ በፊት አሥራ ዘጠኝ ዓመት ፖስታ ቤት ነበር። ከኋላ ባለው መስኮት አልባ ክፍል ውስጥ ቆሞ ደብዳቤ በየመንገዱና በየቁጥሩ ይለይ ነበር። በዚያ ሁሉ ዓመት በእጁ ያለፈውን ደብዳቤ ቁጥር ፈጣሪ ይወቀው፤ አንዱንም ከፍቶ አያውቅም። ማሸጊያው የተላቀቀ ሲያጋጥመው እንኳ ፊቱን አዙሮ ሙጫ ይቀባ ነበር። ሰው የሚጽፈው ደብዳቤ እየተመናመነ ሄደና ቅርንጫፉ ተዘጋ፤ እሱም በጡረታና በሥራ መካከል ተንጠልጥሎ ኮምፒውተር ተማረ። በሃምሳ ዓመቱ ከልጆች ጋር ወንበር ተጋርቶ። አንዱ ልጅ አስተማሪው መስሎት "ቲቸር፣ ይቅርታ አረፈድኩ" ብሎት ነበር፤ "ግባ፣ ሁለተኛ እንዳይለምድህ" አለው።

የሚኖረው ከልብስ ስፌት ቤት በላይ፣ ሦስተኛ ፎቅ ላይ፣ በሁለት ክፍል ውስጥ ነው። ሚስቱ ከሄደች አሥራ አንድ ዓመት ሆናት። ተጣልተው ቢሆን ኖሮ ቢያንስ የሚታረቁበት ነገር ይኖር ነበር፤ እነሱ ግን ዝም ተባብለው ነው የተለያዩት። እሷ አንድ ቀን "የምትነግረኝ ነገር አለ?" አለችው፤ እሱ አሰበና "የለም" አላት፤ በሳምንቱ ሻንጣዋን ያዘች። ልጅ አልወለዱም። ከዚያ ወዲህ እሷ የተኛችበት የአልጋው ጎን የደንበኞች ውልና ወረቀት መደርደሪያ ሆኗል። ከታች የስፌት መኪናው ሲዘመዝም ይሰማዋል፤ ስምንት ሰዓት ተኩል ላይ ሲቆም ልብስ ሰፊው ምሳ መብላቱን ያውቃል። ከዚያ ሰውዬ ጋር ግን ደረጃ ላይ ከሰላምታ ያለፈ ቃል ተነጋግረው አያውቁም።

መነጽር ቤቱ ከሰባት ደንበኞቹ አምስተኛው ነው። ሦስት ሠራተኞች አሉት። ፊት ለፊት ቀጠሮ የምትይዘውና መነጽር የምታስረክበው እንግዳ ተቀባይ አለች፤ ሠላሳ ስድስት ዓመት ቢሆናት ነው፣ ፈጣን፣ ቀልደኛ። ከኋላ ባለችው ጠባብ ክፍል መስታወቱን በሐኪም ትእዛዝ ልክ የሚሞርደው መስታወት ቆራጩ አለ፤ ሃያ ዓመት በዚያ ማሽን ላይ የጎበጠ ሰው ነው። ሦስተኛው ያለቀውን መነጽር በየቤቱ የሚያደርሰው ባለ ሞተር ነው፤ ልበ ሙሉ ጎልማሳ፣ ጽሑፍ ላይ ግን ነጠላ ሰረዝ የሚባል አያውቅም። ባለ ሱቁ በሳምንት ሁለት ቀን ብቅ ይላል። ኢሜይል የሚባል ነገር ራሱ ከፍቶ አያውቅም፤ የሚከፍልበትን ግን መቆጣጠር ይወዳል።

ሳጥኑን በከፈተላቸው ቀን መስታወት ቆራጩ ጠየቀው።

"ይቺን ቢጫዋን ማን ማን ነው የሚያያት?"

"እናንተ ሦስታችሁ ብቻ" አለ ጋሽ ሳጥን።

ሊዋሽ አስቦ አልነበረም። ዋናው ቁልፍ እሱ ዘንድ መሆኑን፣ ያም ቁልፍ ነጩንም ቢጫውንም እንደሚከፍት ያውቃል። ግን ራሱን ከሰው አልቆጠረውም። ከዚያ እንደ ልማዱ ከራሱ አድራሻ "ሙከራ ነው" የሚል መልእክት ላከላቸው፤ ደረሰ፤ ሁሉም አዩት፤ ተጨባበጡ። ያንን የሙከራ መልእክት መዝጋት ነበረበት፤ ረሳው።

ሦስቱ ደግሞ አገኙት። ሁልጊዜ ክፍት የሆነ፣ ደንበኛ የሌለበት መልእክት ለእነሱ እንደ ባዶ ክፍል ነበር። ከሥሩ በቢጫው መጨዋወት ጀመሩ። ጋሽ ሳጥን ይህን አያውቅም ነበር።

ያወቀው በአራተኛው ወር፣ አንድ ማክሰኞ ጠዋት ነው። ጠረጴዛው ላይ ቁጭ ብሎ ባዶ ሻይ ይጠጣ ነበር። በራሱ አድራሻ አንድ መልእክት ገባ፦ "ቁርስ በልተሃል ወይስ ዛሬም እንደ ልማድህ በባዶ ሆድህ ነው የመጣኸው?"

ቁርስ አልበላም ነበር። ጣቶቹ ሳይጠይቁት "አልበላሁም" ብለው መጻፍ ጀመሩ፤ "አል" ላይ ሲደርስ ነው የላኪውን አድራሻ ያየው። መነጽር ቤቱ ነው። እንግዳ ተቀባይዋ መስታወት ቆራጩን እየጠየቀችው ነበር፤ በቢጫው ልትጽፍ በነጩ ጻፈችና የዚያ ሙከራ "ደንበኛ" ለሆነው ለእሱ ደረሰ። ሥራው ደውሎ "እመቤት፣ ነጭ ለውጭ አላልኩም?" ማለት ነበር። ስልኩን አነሳ። ታፍራለች ብሎ አስቀመጠው። እሱ ራሱን እንዲህ አታለለ። ተነሣና ሁለት እንቁላል ጠብሶ በላ። ከስንት ጊዜ በኋላ ሰው እንዳዘዘው ቁርስ በላ።

ከዚያ ተመልሶ ቁልፉን ተጠቀመና የአራት ወር ቢጫ ጽሑፍ አነበበ።

እዚህ ላይ ጠበቃ አልቆምለትም። ያደረገው ጆሮ ጠቢነት ነው፤ እሱም ያውቀዋል። አሥራ ዘጠኝ ዓመት የሰው ደብዳቤ ሳይከፍት የኖረ ሰው በአንድ ጠዋት ከላይ እስከ ታች አነበበ፤ በማግስቱም፣ በሦስተኛው ቀንም። "ጥንቃቄ፣ ሰውዬው ዛሬ በግራ ጎኑ ነው የተነሣው" ትላለች እንግዳ ተቀባይዋ ስለ ባለ ሱቁ፤ "በቀኙ የተነሣበትን ቀን ካየሽ ንገሪኝና ስለት ላስገባ" ይላል መስታወት ቆራጩ። ባለ ሞተሩ በአንድ ትንፋሽ "ዝናብ ጣለብኝ ሴትየዋ ሻይ ሰጠችኝ ውሻዋ ሱሪዬን ቀደደው እየመጣሁ ነው" ብሎ ይጽፋል። የእንግዳ ተቀባይዋን ትንሽ ልጅ ሳል አላስተኛው አለ። የመስታወት ቆራጩ ሚስት ኩርፊያ ላይ ናት፤ ሁለቱ ምን ይዞ ቢገባ እንደምትታረቀው ይመክሩታል። ባለ ሞተሩ አባቱን የቀበረ ሳምንት አንድ መስመር ብቻ ጻፈ፣ ሁለቱም ሥራቸውን ትተው ቀኑን ሙሉ ሲጽፉለት ዋሉ። ጋሽ ሳጥንም ያን ቀን እዚያው አብሯቸው ዋለ፤ አንድ ቃል ሳይተነፍስ።

እንዲህ እያለ አንድ ዓመት ከሁለት ወር ሄደ። ጠዋት ተነሥቶ ፊቱን ሳይታጠብ የሚከፍተው ቢጫውን ሆነ። ብቻውን እየሳቀ ሻይ ይደፋል። ባለ ሞተሩ ዝናብ ነው ካለ ጃንጥላ ይዞ ይወጣል። የእንግዳ ተቀባይዋ ልጅ አሞት ካደረ "ተሽሎታል" የሚል እስኪያነብ ድረስ ሥራ አይገፋለትም። በየወሩ ለፍተሻ መነጽር ቤቱ ሲሄድ "ጋሽ ሳጥን መጡ!" ብለው ይቀበሉታል፤ እሱ ግን የሚያውቀውን ሁሉ በሆዱ ይዞ ስለ ይለፍ ቃል ብቻ ይናገራል። ሲወጣ ቤተሰቡን ጠይቆ እንደተመለሰ ሰው ይሰማዋል። እነሱ በሩን ሲዘጉ ይረሱታል።

ከዚያ የዓይኑ ነገር መጣ። መስታወት ቆራጩ አንድ ሰኞ በቢጫው እንዲህ ጻፈ፦ "ቀኝ ዓይኔ ላይ ሞራ አለ አሉኝ። ቀዶ ጥገናው ከሦስት ወር በኋላ ነው። ሰውዬው ከሰማ አለቀልኝ።" እንግዳ ተቀባይዋ "እኔ አለሁልህ፤ ሆድ ይፍጀው" ብላ መለሰች። ከዚያ ጀምሮ ምሳ ሰዓት ላይ እሱ የሞረደውን መስታወት እሷ እያነሣች ከሐኪሙ ወረቀት ጋር ታመሳክራለች። ብዙውን ስሕተት ያዘች፤ ሁሉን መያዝ ግን አልቻለችም። በሁለት ወር ውስጥ ስምንት መነጽር ተመለሰ። አንድ ሽማግሌ የቀኙ ግራ፣ የግራው ቀኝ ሆኖ ተሠርቶላቸው ደረጃ ስተው ወድቀዋል፤ ደግነቱ ክንዳቸው መላጡ ብቻ ነው።

ባለ ሱቁ ሰኞ ጠዋት ደወለ።

"ጋሽ ሳጥን፣ እነዚህ ሰዎች የሚደብቁኝ ነገር አለ።"

"ምን ታየህ?"

"ስምንት መነጽር! ስጠይቃቸው እርስ በርስ ይተያያሉ። ያ ቢጫ የምትለው ላይ ሲጻጻፉ እንደሚውሉ አውቃለሁ። አንተ ሁሉም ይታይሃል አይደል?"

"...ይታየኛል።"

"እንግዲህ አንድም ሳይቀር አትምልኝ። ሐሙስ ጠዋት ጠረጴዛዬ ላይ ላግኘው። ጥፋተኛው ከዚያ ይወጣል፤ የሸፈነለትም አብሮት ከሥራ ይወጣል።"

ጋሽ ሳጥን ስልኩን ዘጋ። ሳጥኑ የባለ ሱቁ ነው፤ አላትምም ቢል ሰውዬው በማግስቱ ሌላ ባለሙያ ያስገባል። ቢያጠፋው "በእገሌ ጠፋ" የሚል ምልክት ይቀራል፤ ያም ጥፋታቸውን ማረጋገጫ ይሆናል። የቀረው መንገድ አንድ ብቻ ነበር፦ መስታወት ቆራጩ ከወረቀቱ ቀድሞ በራሱ አፍ እንዲናገር መምከር። ለዚያ ደግሞ እሱ ቢጫውን ማንበቡን ማወቅ አለባቸው።

ይህን ለመወሰን ሁለት ቀን ፈጀበት። ሌላ ሰው ለደቂቃ የማያመነታበት ነገር ነው፤ የሁለት ሰው ኑሮ ነው አደጋ ላይ ያለው። እሱ ግን ሰኞንም ማክሰኞንም ቢጫውን እያነበበ አሳለፈ። ባለ ሞተሩ አዲስ ጫማ ገዝቶ ጠቦት ነበር፤ ሁለቱ ሲስቁበት ዋሉ። ነገ ይህ የለም ብሎ አሰበ። በራሱ አፈረ፤ እያፈረም አነበበ።

ረቡዕ በምሳ ሰዓት ሄደ። እንግዳ ተቀባይዋ ወጣ ብላ ነበር። መስታወት ቆራጩ ከኋላ ክፍል ውስጥ፣ አንገቱን ወደ ግራ ሰበር አድርጎ በደህናው ዓይኑ ይሠራል።

"ስለ ዓይንህ ለሰውዬው ራስህ ንገረው" አለው በሩ ላይ ቆሞ። "ዛሬውኑ ንገረው። ነገ ከሌላ ቦታ ይሰማዋል።"

"የምን ዓይን?"

"የቀኝህን።"

መስታወት ቆራጩ ማሽኑን አጠፋ። ፊቱ ቀላ፣ ቀጥሎ አመድ መሰለ። ወደ ፊተኛው ክፍል፣ ወደ ባዶው ወንበሯ አየ።

"እሷ ናት? እሷ ናት የነገረችዎት? በአንድ አምላክ... እሷ?"

ጋሽ ሳጥን ይህን አላሰበውም ነበር። ዝም ቢል እሱ ነጻ ይወጣል፤ እሷ ግን ለአንድ ደቂቃም ቢሆን ከሃዲ ሆና ትቆያለች።

"እሷን እንዳትጠረጥር። እኔ ነኝ። ቢጫውን አነባለሁ።"

"ሦስታችሁ ብቻ ብለውን የለም?"

"ብያለሁ።"

"ከመቼ ጀምሮ ነው?"

"ዓመት አለፈ።"

መስታወት ቆራጩ ጣቱን ጠረጴዛው ላይ እየነካ በዓመት ውስጥ የጻፈውን በልቡ ሲያስታውስ ይታያል። "ስለ ሚስቴ ያልኩትንም?"

"አዎ።"

"ባለ ሞተሩ አባቱ የሞተ ጊዜ የጻፈውንም?"

"አዎ።"

ከዚህ በላይ አልጠየቀውም። ጋሽ ሳጥን ስለ ሐሙሱ ወረቀት በአጭሩ ነገረውና ወጣ፤ መንገዱን ሲሻገር መኪና ጡሩንባ እየነፋበት አልሰማም።

መስታወት ቆራጩ ያንኑ ቀን ተናገረ። ባለ ሱቁ ጣሪያው እስኪናጋ ጮኸ። "ሰው እንዴት የታመመ ዓይን መነጽር ቤት ውስጥ ይደብቃል!" አለ፤ ይህን ሲል የራሱ ንግግር ራሱን አሳቀውና ከዚያ በኋላ መቆጣቱ አልሰምር አለው። ቀዶ ጥገናው እስኪደርስ ፍሬም እንዲገጣጥም አደረገው፤ መስታወቱን ከሌላ ቦታ ያስሞርዳሉ። ለጋሽ ሳጥንም "ወረቀቱን ተወው፣ ነገሩ ወጥቷል" ብሎ ደወለለት። ማንም ከሥራው አልተነቀለም።

ሐሙስ ጠዋት ቢጫው ላይ የእንግዳ ተቀባይዋ አንድ መስመር ነበር፦ "ከዛሬ ጀምሮ እዚህ አንጻፍ።" የሙከራው መልእክትም ተዘግቷል። ዓርብ ከፈተው፣ ቅዳሜም ከፈተው። ክፍሉ ጭው አለበት። ከታች ያለው የስፌት መኪና ባይኖር ዓለም ቀጥ ያለች ይመስለው ነበር።

እሁድ እህቱ ደወለች። የጉልበቷን ነገር ስትጨርስ በመሀል ገባ።

"እታለም፣ ሰው አስቀየምኩ።"

"ማንን? ሰው አለህ እንዴ?" አለችው። ክፋት አልነበራትም፤ ከልቧ ገርሟት ነው። ከዚያ ወደ ጎረቤቷ ውሻ ተመለሰች።

የወሩ ፍተሻ ደረሰ። ሌላ ሰው ልላክ ብሎ አሰበ፤ የሚልከው ሰው የለውም። ሲገባ ባለ ሞተሩ ከሩቅ አንገቱን ነቅንቆ ወጣ። መስታወት ቆራጩ ከፍሬሞቹ ቀና ብሎ "እንደምን ዋሉ" አለውና ተመልሶ አቀረቀረ። እንግዳ ተቀባይዋ ወንበር አቀረበችለት፣ ኮምፒውተሩን ወደ እሱ አዞረችለት፣ እጇን አጣጥፋ ቆመች። ሁሉም ነገር በሥርዓት ነበር፤ ባንክ ውስጥ ያለ ይመስል።

ፍተሻው አሥር ደቂቃ ነው፤ እሱ ግማሽ ሰዓት አደረሰው። የልጁ ሳል እንዴት እንደሆነ ሊጠይቃት ምላሱ ጫፍ ላይ ደርሷል። ልጅ እንዳላት እንኳ አንድ ቀን ነግራው አታውቅም።

"ቤት ሁሉ ሰላም?" አላት በመጨረሻ።

"ሰላም ነው። ይመስገን።"

ላፕቶፑን ዘጋ፣ ቦርሳው ውስጥ ከተተ፣ መልሶ አወጣው። "ይቅርታ ልጠይቅሽ እፈልጋለሁ" አለ። "ለክፋት አልነበረም ያነበብኩት። እኔ... ጠዋት ጠዋት እናንተን ካላነበብኩ ቀኑ አይነጋልኝም ነበር። ሌላ የማነበው ሰው የለኝም።"

ይህን ያህል ስለ ራሱ ለማንም ተናግሮ አያውቅም።

እሷ ጠረጴዛው ላይ ያለውን የመነጽር መጥረጊያ ጨርቅ አጠፈች፣ ዘረጋች፣ መልሳ አጠፈች። ስትናገር ቁጣዋ ወርዶ ነበር፤ ያም ባሰበት።

"ማንበብዎ አይደለም ያስቀየመኝ፣ ጋሽ ሳጥን። ዓመት ሙሉ አጠገባችን ቁጭ ብለው አንድ ቀን እንኳ 'እንደምን አደራችሁ' አላሉንም። ብለውን ቢሆን እኮ እንመልስልዎት ነበር።"

ላፕቶፑን ወደ ቦርሳው መለሰ። በሩ ተከፈተና አንዲት አሮጊት የተሰበረ መነጽር በመሀረብ ይዘው ገቡ። እንግዳ ተቀባይዋ "ይግቡ እማማ፣ ይቀመጡ" ብላ ወደ እሳቸው ዞረች።